የጠበቃው ጠረጴዛ

እኔ በዚህ ቤት የምፈለገው ለምስክርነት ብቻ ነው። ልጄ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተናው ሲለማመድ «እማዬ፣ አንዴ ምስክር ሁኚልኝ» ብሎ ያስቀምጠኛል። ያላየሁትን ሌባ አይቻለሁ እላለሁ። ለምክር ሲሆን ግን «እሷ ምን ታውቃለች» ተብሎ ቁጭ ባልኩበት እኔን ትተው ይመካከራሉ። አልተማርኩም እንጂ አልደነቆርኩም።

ሰፈሩ ልጄን «ጠበቃው» ማለት የጀመረው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ነው። አምስት ዓመት ተማረ። እፎይ ልንል ስንል ልምምድ አለ ተባለ፤ ሁለት ዓመት የሌላ ጠበቃ ፋይል ተሸክሞ ከችሎት ችሎት ዞረ፣ ያውም በነጻ። አሁን ፈተናው ቀረ። አንዴ ወድቋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያኖረን የእህቱ መርፌ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ዓይኗ ስለደከመ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባላት ልጇ ናት።

ነገሬም ስለዚህች ልጅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ እንደ ምላጭ፣ በማን እንደወጣች አልናገርም። ቤታችን ያለችው አንዲት ጠረጴዛ አምፖሉ ሥር ናት፤ እሷን ጠበቃው ይዟታል። ልጅቷ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ትጽፋለች። አጎቷ ሲወጣ ግን ወንበሩ ላይ ጉብ ትልና የሕግ መጽሐፉን ታነባለች። ኮቴውን ስትሰማ ትነሣለች። እኔን ከቁም ነገር ስለማትቆጥረኝ አትደበቀኝም።

ያን ዕለት እንደ ልማዳችን ምስክር ሆኜ ሌባውን ማታ ከመንገዱ ማዶ አየሁት አልኩ። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ልጅቷ ነበረች።

«እማማ፣ ይቺን መርፌ አይተሽ ክር ታስገቢያለሽ?»

«እንዴት ብዬ!»

«ታዲያ የሰው ፊት በጨለማ፣ ከመንገዱ ማዶ እንዴት ለየሽ?»

አጎቷ እስክሪብቶውን ወረወረና «ምስክሬን በላችብኝ» አለ፤ እናቷ እንኳ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ፣ ወደፊት ምን ልትማር እንደመረጠች ነገ ለትምህርት ቤቱ የምትናገረውን ጠየቀቻት።

«የስፌት ሥልጠና እገባለሁ። አጭር ነው» አለች ልጅቷ። «ሕግ ደግሞ፣ አቦ፣ ይደብራል።»

እናቷ ዓይኗን እያሸች፣ ከወደድሽው መልካም ነው አለቻት። አልፈርድባትም፤ የደከመው ሰው አጭር መንገድ ሲያይ ደስ ይለዋል። ጠበቃው መጽሐፉ ላይ አቀረቀረ።

«አሁን ጠያቂዋ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እማዬ፣ ልምምዱ አልቋል።»

«ያንተ ነው ያለቀው።» ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ሕግ የሚደብርሽ ከሆነ፣ እሱ ሲወጣ መጽሐፉ ላይ የምትደፊው ምን ሆነሽ ነው?»

የቀሚሷን ጠርዝ ስትቋጥርና ስትፈታ ቆየች። ቀና ስትል እኔን ሳይሆን የእናቷን ዓይን ነው ያየችው።

«ሌላ ሰባት ዓመት መስፋት አትችልም» አለች በቀስታ።

እውነቷን ነው። ዓይን እንደ ሱሪ አይጣፍ። እናቷም ያንን ስለምታውቅ መኪናውን እንደቆመ ተወችው። ያኔ የልጄን እጅ አየሁት፤ ለስላሳ፣ አንድም የመርፌ ጠባሳ የሌለበት። እግሩ ሥር ቁልፍ ያልተተከለላቸው ሸሚዞች ቅርጫት ሙሉ ተቀምጠዋል፤ ጠዋት ይፈለጋሉ። እሱ ይማር ተብሎ ማንም አንሣ ብሎት አያውቅም።

ቅርጫቱን አንሥቼ መጽሐፉ ላይ ዘረገፍኩት።

«ከወንበሩ ተነሥ። እሷ ተቀምጣ ሕጉን ጮክ ብላ ታነብልሃለች፤ አንተ እየሰማህ ቁልፍ ትተክላለህ። ጆሮህ ሥራ ፈት ነው። እህትህ ትተኛ።»

«ዛሬ ብቻ?» አለ።

«እሷ ጠበቃ እስክትሆን።»

ሊስቅ ሞከረና ተወው። «እማዬ፣ እኔ ቁልፍ መትከል መች አውቃለሁ?»

ልጅቷ ተነሣች። በመርፌው ክር አስገብታ ጫፉን ቋጠረችና ለአጎቷ ዘረጋችለት። በሌላ እጇ ሸሚዞቹን ገፋ አድርጋ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች።

«ጥብቅናም አታውቅም ነበር፤ ሰባት ዓመት ጠብቀንሃል» አልኩት። «ለቁልፍ እስከ ጠዋት እንጠብቅሃለን። በል፣ መርፌውን ተቀበላት።»