አንድ ስፒከር ለሲኒት

ኣብሰሎም ሮም፣ ኤስኲሊኖ በሚባለው ሰፈር ባለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ ብዙ ዓይነት ገዢ አይቷል፤ እንደ ሲኒት ያለች ግትር ግን ገጥማው አታውቅም። እንደ እሱ ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ አነጋገሯ ረጋ ያለ ወጣት ናት።

«ሮም ከመጣሁ ጀምሮ የኖርኩት በሰው ቤት ነው» አለችው። «አሮጊቶች እያስታመምኩ፣ እዚያው እያደርኩ። እነሱን እንዳልረብሽ ዘፈን የምሰማው በማዳመጫ ነበር። አሁን የራሴን ክፍል ተከራየሁ። ቤት የሚሞላ ዘፈን አማረኝ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ፣ ከስልክሽ በዋይፋይ የሚቀበል አምፕሊፋየር ትወስጃለሽ፤ ከዚያ ሁለት ስፒከር፣ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። መሀል ስትቀመጪ ዘፋኙ ፊትሽ የቆመ ይመስልሻል።»

«አንድ ይበቃኛል።»

«ክፍሉ ጠብቦሽ ከሆነ ትንንሾች አሉ።»

«አንድ አልኩህ እኮ!» አለችና ፊቷን አዞረች።

ያን ቀን ሳትገዛ ሄደች። ቅዳሜ ግን ተመልሳ መጣች፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ። አንዱን ስፒከር ከፍተው ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቆይቶ ምርጫው ሰበብ ብቻ መሆኑን ሁለቱም አወቁት፤ አንዳቸውም ግን አልተናገሩትም።

አንድ እሑድ በባቡር ባሕሩ ዳር ወዳለችው ኦስቲያ ወረዱ። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። በአሸዋው ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ ኣብሰሎም ስንት ጊዜ በልቡ ያጠናውን ቃል እንደምንም አወጣው።

«ሲኒት፣ እወድሻለሁ። አብረን እንኑር።»

ሲኒት ዓይኗን ከባሕሩ አላነሳችም። ጥቂት ተራመደችና «ቡና እንጠጣ፣ በረደኝ» አለች።

እሱም ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጠረው። ከዚያ ወዲያ አልደወለላትም፤ ስትደውልም አላነሳም። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም ነበር።

በመጨረሻ ራሷ መጣች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጠየቅሁሽ፣ ዝም አልሽ። ገብቶኛል።»

«መቼ ነው የጠየቅኸኝ?»

«ኦስቲያ፣ ባሕሩ ዳር ስንሄድ።»

ሲኒት ደንግጣ አየችው። «በየት በኩል ነበርክ?»

«በግራሽ።»

እጇን ቀስ ብላ ወደ ግራ ጆሮዋ ሰደደች። «ይሄኛው አይሰማም። ልጅ ሆኜ ማጅራት ገትር ይዞኝ ነው።» እጇን አወረደች። «እናቴ ‹ለወንድ እንዳትነግሪ፣ ቆመሽ ትቀሪያለሽ› ትለኝ ነበር። አሁን አወቅህ። መተው ከፈለግህ አልቀየምህም።»

ኣብሰሎም አፈረ። ለአንድ ቃል መልስ አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ሳይጠይቅ፣ በኩራቱ ታስሮ ስንት ቀን አሳዝኗታል! ከባንኮኒው ኋላ ወጥቶ በቀኟ በኩል ቆመ። ሒሳብ ሊከፍሉ የተሰለፉት ሰዎች ያዩታል፤ ይዩ አለ።

«እወድሻለሁ ነው ያልኩሽ። አብረን እንኑር ነው ያልኩሽ።»

ሲኒት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይህን ሁሉ ቀን ስትሸሸኝ ከርመህ!» አለችና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «እሺ። እንኑር።»

በማግስቱ ከሰዓት አንድ ደኅና ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተሸክሞ ክፍሏ ሄደ። ወንበር ገና ስላልነበራት ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ስልኳን ተቀብሎ የግራውና የቀኙ ድምፅ ተቀላቅሎ እንዲወጣ አስተካከለው፤ እሷም በሰው ቤት ባደረችባቸው ዓመታት በማዳመጫ ስትሰማው የኖረችውን ዘፈን ከፈተችለት።

መሀል ላይ ድንገት እጁን ያዘችው።

«ቆይ! እዚህ ዘፈን ላይ ክራር አለ እንዴ?»

«አለ። የቀዱት በግራ በኩል ብቻ ነው፤ ቀኝ ጆሮሽ ላይ በምትሰኪው ማዳመጫ አይመጣም ነበር።»

ሲኒት ወደ ስፒከሩ ተጠጋች። ዘፈኑ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ክራሩ እስኪገባ ጠበቁ።