ወንዙ የተመለሰበት ክረምት

ነጅዋ በወንዞች ሥነ ምድር ምርምር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስታሸንፍ፣ ለሽልማቱ ያበቃትን ጉድጓድ አብሯት የቆፈረው ሰው የሌላ ሴት ባል ሆኖ ነበር።

ዚያድን ያገኘችው ከጭሮ ከተማ ግርጌ ባለው ወንዝ ዳር ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ከክረምት በቀር አሸዋ ብቻ ነው። የመሰላ ከተማ ልጅ የሆነችው ነጅዋ፣ ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ብቻዋን አፈር ስትቆፍር ዚያድ ከአጥር ማዶ አያትና ሳቀባት።

«እህቴ፣ ወርቅ ጠፍቶብሽ ነው?»

«ወንዝ ጠፍቶብኝ ነው።»

ሳቁን ትቶ አካፋውን ተቀበላት።

የጫት ነጋዴው የሐጂ ሙሐመድአሚን ልጅ ነበር። ጠዋት የአባቱን ጫት ያስጭናል፤ ከሰዓት ለእሷ ይቆፍራል። ውሃ ያንከባለለውን ክብ ድንጋይ ከሌላው መለየት አስተማረችው። ውሎ አድሮ ግን ከድንጋዩ ይልቅ እሷን ማየት አበዛ። አንድ ቀን ጉንጯ ላይ የቀረውን ጭቃ ሊጠርግ እጁን ዘረጋና ሳይነካት መለሰው።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ» አለችው፣ ከጉድጓዱ ቀና ሳትል።

ሽማግሌ መሰላ ደርሶ ተመለሰ፤ ሁለቱም ቤተሰቦች ተስማሙ። የመጨረሻው ጉድጓድ የተቆፈረው ግን በሐጂ ግቢ ውስጥ ነበር። ዚያድ ከሥሩ ክብ ድንጋይ አወጣ፤ ሌላም፣ ሌላም። ሁለቱም ተያዩ። ሰፈሩ የተሠራው ወንዙ ድሮ ጥሎት በሄደው መንገድ ላይ ነበር፤ የወንዙ ዳር ደግሞ በየዓመቱ እየተሸረሸረ ነው። ወንዙ ይመለሳል።

«ከሰርጉ በኋላ ብትናገሪስ?» አላት።

«ጎርፉ ሰርጋችንን ይጠብቃል?»

ነዋሪው በተሰበሰበበት ነጅዋ ያገኘችውን ስታስረዳ ሐጂ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬበታለሁ! የቱ ወንዝ ነው ቤቴ ውስጥ የሚገባው?»

ነጅዋ ዚያድን አየችው። ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወጣው እሱ ነው፤ አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። ዚያድ አንገቱን ደፋ።

የከተማው አስተዳደር ግን ጥናቷን ተቀብሎ ሰፈሩ እንዲነሳ ወሰነ። ሐጂ የዕድሜ ልፋታቸው ሲፈርስ ቆመው አዩ። «የእኔን ቤት ያፈረሰች ለልጄ ቤት አትሆንም» አሉና ዚያድን ከመቻራ ቡና ነጋዴ ልጅ ከሀሊማ ጋር አጋቡት። እሱም እሺ አለ።

ሁለት ክረምት ምንም አልመጣም። ሰው ነጅዋን ረገማት። በሦስተኛው ወንዙ ዳሩን ሰብሮ ገባና ባዶውን ሰፈር ጠርጎ ወሰደው። አንድም ሰው አልሞተም። ሽልማቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጭሮም በአዳራሽ አከበረቻት። ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መድረኩ ወጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዘሬ የተረፈው ባንቺ ነው። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ ሐጂ። እርስዎም አፉ ይበሉኝ።»

ዚያድ በር ላይ ጠበቃት። ከስቷል።

«አባቴ ፈቀደ።»

«ምኑን?»

«አንቺን እንዳገባ። ሀሊማም በቤቷ ትኖራለች... ሃይማኖታችን አይከለክልም። ወላሂ፣ አንድም ቀን አልረሳሁሽም።»

ነጅዋ ቀና ብላ አየችው። ስትመኘው የኖረችው ፊት እነሆ ከፊቷ ቆሟል።

«ሀሊማ ታውቃለች?»

«ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

«ያን ቀን ድንጋዩን እኔ ነኝ ያወጣሁት ብትል ኖሮ፣ ዚያድ፣ ቤት ባይኖረን ሸራ ወጥረን አብሬህ እኖር ነበር። ዛሬ ደግሞ የምትከፍለው ነገር ሳይኖር መጣህ። የሚከፈለውን ሀሊማ ትከፍላለች።»

«ጠላሽኝ ማለት ነው?»

«ብጠላህማ ይበጀኝ ነበር» አለችው። «ሂድ፣ ወደ ቤትህ ግባ።»

በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሂርና ሲደርሱ ሾፌሩ ለምሳ አቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ነጅዋ ግን መቀመጫዋ ላይ ቀርታ፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ፣ ሰዎቹ በልተው እስኪመለሱ ድረስ አለቀሰች።