ንጹሕ ፊልትሮ

«ይችን ፊልትሮ ማን ነው የሚያጥባት?» አሉ መካኒኩ ጋሽ ዳኘው። የሞተሯን አየር ማጣሪያ ስፖንጅ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረጓት።

ያምሮት ደረቷን ነፋች። ከእናቷ ጋር ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥታ፣ ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ አሮጌ ጎማ ተገትራ፣ እሷን የሚመለከት ነገር ሲነሣ ይኼ የመጀመሪያው ነበር።

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ዳኘው። በየቅዳሜው። አንድም ቅዳሜ አምልጦኝ አያውቅም።»

«እጅሽ ይባረክ። የመዘምራን ነጠላ እንኳ እንዲህ አይጸዳም።»

ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች። መካኒኩ ግን ፈገግ አላሉም። ስፖንጇን ጨመቅ ለቀቅ፣ ጨመቅ ለቀቅ አደረጉና እያገላበጡ አዩዋት።

መሬቱ ላይ ተፈታትታ የተሰጣችው ሞተር ሳይክል የመሥሪያ ቤት ናት። ረጅም፣ ጥርሳም ጎማ ያላት፣ ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘል። የያምሮት እናት ንግሥቴና ባልደረባዋ ጋሽ ባምላኩ በቡሬ ዙሪያ ገጠር ከብት ይከትባሉ። ለሁለቱ ያለችው አንዲት ሞተር ብቻ ስለሆነች አንድ ሳምንት እሷ፣ አንድ ሳምንት እሳቸው ይነዷታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለመታጠብ እነያምሮት ግቢ ትውላለች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በጋሽ ባምላኩ ሳምንት፣ ዳገት መኻል ላይ ሰማያዊ ጭስ ተፋችና ቀጥ አለች። ጋሽ ባምላኩ በዚያ ፀሐይ ስምንት ኪሎ ሜትር ገፍተው አመጧት። ንግሥቴ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «መንዳት የማያውቅ ሰው ገደለብኝ!» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች ሆድና ጀርባ ናቸው።

ሆድና ጀርባ መሆኑ ለትልልቆቹ ነው። ለያምሮት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የጋሽ ባምላኩ ልጅ ሀኒ የልብ ጓደኛዋ ናት። ነበረች ማለት ይሻላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ከተቀመጡበት ወንበር ተነሥታ አሁን መስኮት ሥር፣ ብቻዋን ትቀመጣለች።

«ነይ እስኪ» አሉ ጋሽ ዳኘው። «ጣትሽን እዚህ ክተችው።»

ከፊልትሮው ቤት ወደ ሞተሩ የሚወስድ የጎማ ቱቦ ነው። ያምሮት ሌባ ጣቷን ከትታ ውስጡን አዞረችና አወጣችው። ጣቷ ቀይ አቧራ ለብሷል።

«ከስፖንጇ በመለስ አቧራ ቢኖር የሚጠበቅ ነው። ከስፖንጇ ወዲያ ግን አንድ ቅንጣት ማለፍ የለበትም። ይኼ ነው ፒስተኗን እንደ ሞረድ ፍቆ የበላት።»

«ግን እኮ ስፖንጇ ንጹሕ ናት!»

«ንጹሕ መሆኗ ነው ጉዱ።»

ያምሮት ግራ ገባት። ቆሻሻ ነው ብለው ቢቆጧት ይገባት ነበር።

ጋሽ ዳኘው ከአሮጌ ስፖንጅ ሁለት ቁራጭ ቆረጡ። አንዱን እንዳለ ተዉት። በሌላው ላይ ከትንሽ ጠርሙስ ሰማያዊ፣ የሚያጣብቅ ዘይት አንጠባጥበው በጣቶቻቸው አሹት። ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጡና ከደጅ የዘገኑትን ደቃቅ አቧራ ነስንሰውባቸው እፍ፣ እፍ አሉ። ከዚያ አነሧቸው። በደረቁ ሥር ጨርቁ ቀልቷል። በዘይታሙ ሥር እንደነበረ ነጭ ነው።

«ስፖንጅ ብቻውን ወንፊት ነው፤ ያሳልፋል። አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። ይች ስፖንጅ አዲስ ስትመጣ ይኼ ዘይት ነበረባት። የት ሄደ?»

የት እንደሄደ ያምሮት ታውቃለች። መስከረም ላይ፣ ሞተሯ እንደመጣች፣ ስፖንጇን መጀመሪያ ስታወጣት እጇ ላይ ተጣበቀችባት። «ኧከ! ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው!» ብላ በላምባና በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥባ፣ እንደ ልብስ ጠምዝዛ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣቻት። እናቷ ጉንጯን ስማት ነበር። «ፊልትሮ በየሳምንቱ ይጸዳል» መባሉን ሁለቱም ሰምተዋል። ያጸዱትን መልሰው ዘይት ይቀቡታል ያላቸው ግን የለም። ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

«መልሼ ዘይት የምቀባት ከሆነ ለምን አጥባታለሁ ታዲያ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበረበት።

«ነገ መልሶ ይርበኛል ብለሽ ዛሬ መብላት ትተያለሽ? አቧራ የጠገበውን ዘይት ታጥቢዋለሽ፣ አቧራ የራበውን ትቀቢዋለሽ።»

በዚህ መኻል ንግሥቴ ደጅ ስታወራበት የቆየችውን ስልክ ዘግታ ገባች። «እህ፣ ጋሽ ዳኘው፣ ምን አገኙባት?»

«አቧራ ገብቷታል።»

«አላልኩም? እሱ እኮ አቧራ ለአቧራ እንደ ፈረስ ነው የሚያስጋልባት!»

ጋሽ ዳኘው ያምሮትን አዩዋት። ያምሮት ጫማዋን አየች። «እንግዲህ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ከዚህ የቀረውን ልጅቱ ታውቀዋለች።» ሰማያዊውን ጠርሙስ እጇ ውስጥ ሸጎጡላትና ወደ መፍቻቸው ተመለሱ።

ወደ ቡሬ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ መኻል መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን እስኪያልፉ ድረስ ጠርሙሱን ኪሷ ውስጥ ስታዞር ቆየች። ታውቀዋለች ማለታቸው ምን ማለት ነው? አጠባቡን ነው ወይስ ሌላውን? ለምን ራሳቸው አልተናገሩም? ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ተናደደችባቸው። ደግሞ ወዲያው ባለመናገራቸው ልትስማቸው ፈለገች። ጥፋት ማለት ሥራን ሳይሠሩ መቅረት ነው ብላ ነበር የምታውቀው። እሷ ግን ሠርታ፣ ያውም አብዝታ ሠርታ ነው ያጠፋችው። ታዲያ እንዲህ ያለው ጥፋት ስሙ ምንድን ነው?

«ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት እናቷ።

«አቧራው ነው። ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው።»

ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት ሀኒን ቧንቧው አጠገብ አገኘቻት።

«ሀኒ።»

«አቦ ተይኝ።»

«እባክሽ።»

ሀኒ ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «እሑድ አባቴ እናንተ ቤት ይመጣል። አልሰማሽም? ሽማግሌ ገብቷል። ‹አጥፍቻለሁ በልና ይለቅ› ብለውታል። እሱም ከባልደረባዬ ጋር ተኳርፌ ከምኖር ብሎ እሽ አለ።»

«አጥፍቻለሁ ሊል? ግን እኮ...»

«ግን አላጠፋም! አባቴን አላውቀውም? መንገዱ ሲከፋ ወርዶ የሚገፋት ሰው ነው። ጥፋቱን ካመነ ደግሞ ሞተሯን ዳግመኛ አይሰጡትም፤ ያን ሁሉ ቀበሌ በእግሩ ሊዞር ነው። አሁንስ በእግሩ አይደል? ጫማውን ብታይው! ሼም ነው፣ ያምሪ። የእናትሽ ነገር ሼም ነው።»

ያምሮት አፏን ከፈተች። ደወሉ ተደወለ። ባይደወል ኖሮ ምን ትል እንደነበር እሷም አታውቅም።

ቅዳሜ ሞተሯ ታድሳ ተመለሰች። ያምሮት እንደ ልማዷ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ ስፖንጇን አወጣች። ሳትጠመዝዝ፣ በመዳፏ ብቻ እየጨመቀች አጠበቻት። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር አደረቀቻት። ከዚያ ከጠርሙሱ ዘይት አንጠባጠበችና ሰማያዊው ከዳር ዳር እኩል እስኪዳረስ አሸቻት፤ የተረፈውን ጨምቃ አወጣች። ጠርዟን ግራሶ ቀብታ፣ ከፍሬሟ አግጥማ፣ ወደ ፊልትሮው ቤት አስገባቻትና ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰች። ክፍተት የለም። ሥራው ደስ አላት። ደስ ማለቱ ደግሞ አበሳጫት።

«ኧረ ምንድን ነው የለቀለቅሽባት?» አለች ንግሥቴ ከበሩ ላይ ሆና።

«ዘይት ነው። ጋሽ ዳኘው ናቸው ያሉኝ።»

«እሳቸው ካሉ ያውቃሉ።» እናቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ፊቷ እንዲህ ፈክቶ አያውቅም። «ነገ እኮ ያልቃል፣ የኔ ልጅ። ባምላኩ ይቅርታ ይላል፤ እኔም ይቅር እላለሁ። ሀኒም ትመጣለች። አልናፈቀችሽም?»

«ናፍቃኛለች።»

«እውነቱን ንገሪኝ ካልሽኝ፣ እኔም የባምላኩ ቀልድ ናፍቆኛል። እልህ ይዞኝ ነው እንጂ።»

አሁን ነበር መናገር። ግን እናቷ እንዲህ ደስ ብሏት ሳለ? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ብትል ነገ ሁሉም ይሳሳማል፤ ሀኒ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ብትናገር ግን እናቷ በሰው ፊት የሰደበችው ሰው ንጹሕ ሆኖ፣ ጥፋተኛዋ ከገዛ ቤቷ ልትገኝ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ጋሽ ባምላኩ ዕድሜ ልካቸውን ባላጠፉት በእግራቸው ሊሄዱ ነው። ነገሩን ከየትኛውም ጫፍ ብትይዘው ሌላኛው ጫፍ ያመልጣታል። ማታ እጇን በሳሙናና በአመድ ፈተገችው። ሰማያዊው ግን ከጣቶቿ መስመርና ከጥፍሮቿ ሥር አልለቅ አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። አባ ወልደ ሥላሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከላይ ተቀመጡ። ጋሽ ባምላኩ ከበሩ አጠገብ፣ ሀኒ ከኋላቸው። ያምሮት የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ወጣች። ከአባ ጀመረች።

«ምነው ልጄ፣ እጅሽን ምን ነካው?» አሉ አባ፣ ውሃው በጣቶቻቸው ላይ እየፈሰሰ።

«እስክሪብቶ ነው፣ አባ።»

ሳታስበው ነው የወጣው። ለቄስ ዋሽታ አታውቅም።

«ጎበዝ! የተማሪ እጅ እንዲህ ነው» አሉና መረቋት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ጋሽ ባምላኩ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ከጫማቸው ላይ ወደቀ። የቀኙ ጫማ ሶል ተላቆ በሲባጎ ታስሯል። እሳቸው ግን ቀና ብለው በሹክሹክታ፣ «እንደምን ሰነበትሽ፣ ያምሬ? ፈተናው ደረሰ አይደል? በርቺ እሽ» አሏት። እሷ ውሃውን አፈሰሰች። እጃቸውን አልፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ «ማዕድ ከመቁረሳችን በፊት ነገሩ ይለቅ። ባምላኩ፣ ረጅም ነገር አንፈልግም። ተነሥና ቃሏን በላት።»

ጋሽ ባምላኩ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ንግሥቴ ይቅር ለማለት ተዘጋጅታ አንገቷን ደፍታለች። ሀኒ ግድግዳውን ታያለች።

«እኔ ባምላኩ...» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንግዲህ...»

ልጅ በሽማግሌ መኻል እንደማይገባ ያምሮት ታውቃለች። ከየት እንደምትጀምር ግን አታውቅም። እናቷ ምን እንደምትል፣ ሀኒ ከዚህ በኋላ ፊቷን ታይ እንደሆነ፣ ይኼ ዕርቅ ይፈርስ ወይ ይጸና፣ አንዱንም አታውቅም። ማስታጠቢያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ጋሽ ባምላኩ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «እርስዎ ይቀመጡ።»

እናቷ ከደፋችበት ቀና አለች፤ ሀኒ ከግድግዳው ዞረች። ያምሮት ወደ ላይ፣ ወደ አባ ወልደ ሥላሴ ተመለከተችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«እስክሪብቶ አይደለም፣ አባ።»