ረድኤት መስኮት ዘግታ አትተኛም

ሰላም ብርሃኑ ከወልቂጤው ለቅሶ ከወላጆቿ ቀድማ ተመልሳ የግቢውን በር ስትገፋ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ነሐሴ 2006 ነው፤ ቡታጅራ ላይ ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ አላባራም። እህቷን ተጣራች። መልስ የለም። ጓሮ ያለችውን ክፍል ስትከፍት የታፈነ የከሰል ሽታ ፊቷን መታው። ረድኤት በጎኗ ተኝታለች። ከእግሯ በኩል አመድ የለበሰ ማንደጃ ተቀምጧል። ሰላም የእህቷን እጅ ያዘችው፤ ቀዝቅዟል።

ረድኤት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቱርክ አገር፣ አንካራ ሕክምና ትማራለች። የመጣችው ለእረፍት ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ልትመለስ ነበር። ሰፈሩ ከንፈሩን መጦ «ከሰል ገደላት» አለ፤ የከተማው ፖሊስም ጉዳዩን እንደ አደጋ ቆጥሮ ሊዘጋው ተቃርቦ ነበር። አባቷ አቶ ብርሃኑ ግን የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ዘግተው ወልቂጤ ዞን ፖሊስ ድረስ ሄዱ። «ልጄ ተኝታ አልሞተችም» ከማለት ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ሰልሚያ ከድሮ የምትባል መርማሪ ከዞኑ መጣች። እዚያው ቅርብ፣ እንሴኖ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሰው ከማነጋገሯ በፊት ቤቱን የምታይ ሴት ናት። አስከሬኑ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። እሷ ግን የረድኤት ክፍል መሃል ቆማ ብዙ ቆየች። መስኮቱ በቅርቡ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከፍሬሙ ጥግ ቀለሙ ተፍቋል። ወደ ጓሮ ወጥታ ገመዱ ላይ የተሰጣ ነጭ ፎጣ ገልብጣ አየች። ጠርዙ አረንጓዴ ነክቶታል።

«ሰላም፣ ይህን ፎጣ ማን አጠበው?»

ሰላም ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ።»

«መስኮቱ ላይ ነበር አይደል?»

«ቀዳዳው ሁሉ በፎጣ ተወትፎ ነበር። ነቅዬ ጣልኩትና መስኮቱን ከፈትኩት። ከዚያ ነው የጮህኩት። ጎረቤት ሲደርስ መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ራሷን አጠፋች እንዳይሉብን ፈርቼ። ለእናቴም ለአባቴም አልነገርኩም። ለማንም።»

ሰልሚያ ፎጣውን አጠፈችው። «አሁንም ለማንም አትንገሪ» አለቻት።

ረድኤትን በሕይወት ያየቻት የመጨረሻዋ ሰው ጓደኛዋ አሚኔ ናት ተባለ። አሚኔ ገበያው አጠገብ የልብስ ሱቅ አላት።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ እትዬ።» አሚኔ ዓይኗ አብጧል። «ጠዋት ሄጄ ትንሽ ተጫውተን ነው የተለየኋት። ሰው ይመጣብኛል ብላ ቤት ስትጠርግ ነበር። ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።»

«ስለዚያ አገር ኑሮዋ ምን ትነግርሽ ነበር?»

አሚኔ ጥያቄው ትንሽ ገረማት፤ ግን ወዲያው ፊቷ ፈታ አለ። «ምን ያልነገረችኝ አለ! በቫይበር እያወራን ነው ሦስቱ ዓመት ያለቀው። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ነው፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ እየተንተባተበች። ዶርም ውስጥ አራት ሆነው ነው የሚኖሩት። ጠዋት የምስር ሾርባ። ማታ ኤሊፍ ከምትባል የክፍሏ ልጅ ጋር ሻይ በትንንሽ ብርጭቆ። በረዶ ሲሆን ግድግዳው ላይ ክፍሉን የሚያሞቅ የፍል ውሃ ብረት አለ፤ ካልሲዋን እሱ ላይ እያሰጣች ‹አሚኔ፣ ከቡታጅራ ይልቅ እዚህ ይሞቃል› ትለኝ ነበር።»

«ከሰልስ ያነዳሉ?»

«ዶርም ውስጥ? ኧረ ያባርሯቸዋል! ኤሊፍ ግን ወላጆቿ ገጠር ናቸው፤ የከሰል ምድጃ አላቸው። አንድ የእረፍት ጊዜ ረድኤት እነሱ ጋ ሄዳ ሳለ የኤሊፍ አያት በጭሱ ታፍነው ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከሰል የነደደበት ክፍል ውስጥ አትቀመጥም። እዚህም መጥታ እናቷን ‹ማንደጃ ይውጣልኝ› እያለች ስትጨቃጨቅ ነው የከረመችው። መስኮት ዘግታ አትተኛም፣ እትዬ። በዚህ ዝናብ እንኳ።»

ሰልሚያ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «ሰሞኑን የከበዳት ነገር ነበር?»

«አንድ ሰው እውነቱን ራሱ እንዲናገር ዕድል ሰጥቼዋለሁ፤ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ ብላኝ ነበር። ማን እንደሆነ ግን ደበቀችኝ።»

ቃለአብ ፎቶ ቤት አለው። ረድኤት ከመሄዷ በፊት ይወዳት ነበር፤ አንካራ ከገባች በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወች። ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት መንገድ ላይ ጮክ ብሎ ሲሰድባት ሰው ሰምቷል።

«በዚያን ቀን እሷ ቤት ሄደሃል» አለችው ሰልሚያ።

ቃለአብ መካድ ፈለገና ተወው። «ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ሲብስ ነው የሄድኩት። የግቢውን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ በመወርወሪያ ተዘግቶ ነበር።»

«እርግጠኛ ነህ? ሰላም ስትመጣ ክፍት ነበር።»

«ጣቴን በቀዳዳው አስገብቼ የመወርወሪያውን ጫፍ ነክቼዋለሁ፤ ልስበው ግን አልደረስኩም። ውስጥ ሰው ይራመድ ነበር። ስሟን ስጠራ እርምጃው ቆመ። ልታየኝ አልፈለገችም ብዬ ተመለስኩ። ያኔ በሩን ብሰብረው ኖሮ...»

ሰልሚያ አላጽናናችውም።

ሦስተኛው ሰው አቤኔዘር ነው፤ የሰላም እጮኛ። ኢስታንቡል ሕክምና ይማራል፤ አራተኛ ዓመት ደርሷል፤ እሱም ለእረፍት መጥቷል። ሽማግሌ ልኮ ተፈቅዶለት ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። መጀመሪያ ቱርክ የሄደው እሱ ነው፤ ረድኤትም የእሱን ወሬ እየሰማች ነው ለትምህርቱ ያመለከተችው። የለቅሶ ቤቱን እንግዳ ሲያስተናግድ የሚውለው እሱ ሆኗል። ሰልሚያን ተነስቶ ወንበር ሰጣት።

«የዚያን ቀን የት ነበርክ?»

«እንሴኖ፣ ዘመድ ጋ። መርዶውን እዚያ ነው የሰማሁት።»

«አንተ እንደ ሐኪም ምን ትላለህ?»

አቤኔዘር በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ከሰል ነው፣ ኢንስፔክተር። ረድኤት ብርድ አትችልም። መስኮቱን በፎጣ ወትፋ ማንደጃ አስገባች። እዚያ አገር የለመድነው ነው። ክረምቱን የምናሳልፈው ዶርም ውስጥ ከሰል እያነደድን ነው፤ ሌላ ምን አማራጭ አለ?»

«በጣም ይበርዳል?»

«በረዶው እስከ ጉልበት ነው።»

ሰልሚያ አመስግናው ወጣች። በዚያው ቀን ከአሚኔ ጋር ሱቁን ዘግተው ተቀመጡና አንካራ ደወሉ።

የምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ረድኤት ከተቀበረች ቀናት አልፈዋል። ሰልሚያ አቶ ብርሃኑን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉመቤትን፣ ሰላምን፣ አሚኔን፣ ቃለአብንና አቤኔዘርን ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ደጁ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ረድኤትን የገደላት የከሰሉ ጭስ ነው» ብላ ጀመረች። «ግን ማንደጃውን እሷ አላስገባችም። ሰው በጭስ ሲታፈን አይታ የመጣች፣ በክረምት እንኳ መስኮት የማትዘጋ ልጅ ናት። ደግሞ ደሟ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል። ስለዚህ እንግዳ ነበራት። ሻይ ሲጠጡ መድኃኒቱን ጨመረባት። ስትተኛለት ማንደጃውን አስገባ፣ መስኮቱን ዘጋ።»

ወይዘሮ ሙሉመቤት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ማነው?» አሉ አቶ ብርሃኑ።

«ሁላችሁም ቃለአብን ታያላችሁ። እሱ ግን ከውጭ ነበር፤ በሩ ከውስጥ ተወርውሮበታል። የተወረወረ በር ከውስጥ የሚከፍተው ሰው ይፈልጋል። ረድኤት ያኔ ተኝታለች። እርምጃው የእንግዳው ነበር።» ወደ ሰላም ዞረች። «አሁን ስለ ፎጣው ንገሪያቸው።»

ሰላም በተቆራረጠ ቃል ነገረቻቸው። እናቷ በድንጋጤ አዩዋት፤ አባቷም አያውቁም ነበር።

«መስኮቱ በፎጣ መወተፉን የሚያውቀው ሰላም፣ እኔና የወተፈው ሰው ብቻ ነን። አቤኔዘር፣ አንተ እንሴኖ ሆነህ እንዴት አወቅህ?»

ሁሉም ዞረው አዩት። አቤኔዘር ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሰላም ነግራኝ ይሆናል...»

«አልነገርኩህም» አለች ሰላም።

«ዶርም ውስጥ ከሰል እናነዳለንም ብለኸኛል። ረድኤት ካልሲዋን የምታሰጣው የፍል ውሃ ብረት ላይ ነበር። ያንን ስሰማ እኔ ራሴን አንድ ነገር ጠየቅሁ። አሚኔ፣ ደውዪ።»

አሚኔ ስልኩን ከፍታ ድምፁን ለሁሉም አሰማች። የሴት ልጅ ድምፅ መጣ።

«ኤሊፍ ናት፤ የረድኤት የክፍል ጓደኛ» አለች ሰልሚያ። «ረድኤትን መጨረሻ ያወራቻት መቼ እንደሆነ ጠይቅልን። አራት ዓመት የተማርክበት ቋንቋ ነው።»

አቤኔዘር ስልኩን ተቀበለ። ድምፅዋ በለሆሳስ አንድ ነገር ጠየቀ። ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ መልሶ አራቀው። ልጅቷ ደገመችው፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር።

«መስመሩ አይሰማም» አለ።

«ይሰማል» አለች አሚኔ። «ረድኤት ባስተማረችኝ ጥቂት ቃል እንኳ ገብቶኛል፤ ስምህን ነው የምትጠይቅህ።»

ሰላም ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«አንድ ቀንም ቱርክን አልረገጠም» አለች ሰልሚያ። «ሰላም፣ ለእሱ ብለሽ የሠራሽውን ሹራብ ለረድኤት ሰጥተሻት ነበር። ልታደርስልሽ ኢስታንቡል ድረስ ሄዳ ነበር። የሐበሻ ተማሪዎቹን ሁሉ ጠየቀች። የሚያውቀው አልተገኘም። ይህን ለኤሊፍ ነግራታለች፤ ኤሊፍ ባላት እንግሊዝኛ ለአሚኔ ነገረቻት። ሹራቡ ዛሬም የረድኤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ረድኤት ልታዋርደው አልፈለገችም። ራስህ ተናገር አለችው።»

አቤኔዘር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሰላም አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ያን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?»

«አዲስ አበባ። ኮልፌ፣ መድኃኒት መደብር ውስጥ እሸጥ ነበር።»

«በረዶ እየጣለ ነው ስትለኝ?»

«ፀሐይ ነበር።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። «ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እጅ ጭኖ ጸልዮ ሸኘኝ። እስከ መናኸሪያ እየዘመራችሁ። ቪዛ ተከለከልኩ ብዬ በማግስቱ እንዴት ልመለስ? ትንሽ ቆይቼ እናገራለሁ እያልኩ... ረድኤት ደግሞ እሁድ እናገራለሁ አለችኝ። ለመንኳት። እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት።»

አቶ ብርሃኑ እስካሁን አልተንቀሳቀሱም ነበር። ቀና ብለው አዩት።

«ብትመለስ ምን እንልህ ነበር፣ ልጄ? ከእኔ ጋር እንጨት ትልግ ነበር።»

አቤኔዘር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ዝናቡ ውስጥ አንድ ጊዜ ቆሞ ዞረ፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።

ቃለአብ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። ሰልሚያ ለመውጣት ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ሰማች። ስልኩ አልተዘጋም። ኤሊፍ መስመሩ ላይ ናት፤ የሆነውን በአማርኛ ሰምታ ምንም አልገባትም። አሚኔ አንስታ ልታስረዳት ሞከረች። የምታውቃቸው የቱርክኛ ቃላት ግን የሾርባና የሻይ፣ የደህና እደሪ ነበሩ። በእንግሊዝኛም ቢሆን ለዚህ የሚሆን ቃል አጣች።

ሰላም ስልኩን ከእጇ ወሰደችው። እሷና ኤሊፍ ምንም ቋንቋ አይጋሩም። ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ረድኤት» አለች። ወዲያ ማዶ ያለችው ልጅ ድምፅዋ ተቆራርጦ ያንኑ ስም መለሰችላት። ሰላም ደገመችው። ስሙን እንዲያ እየተቀባበሉ ሰላም ወደ ጓሮው የረድኤት ክፍል ገባች፤ አቶ ብርሃኑም ማንም እንዳይከተላት በሩ ላይ ወንበር አድርገው ተቀመጡ።