ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ብሎን

«እታለም፣ ዛሬም ረጥቧል» አለ ማሙሽ።

ከታችኛው አልጋ ወርዶ በባዶ እግሩ ቆሟል። አንሶላውን ጠቅልሎ እንደተሰረቀ ዕቃ ከጀርባው ደብቆታል። ይህ አራተኛው ጠዋት ነው። ታላቅ እህቱ ከላይኛው አልጋ አንገቷን አስግጋ አየችውና፣ ዓይኗ በቅጡ ሳይገለጥ ምላሷ ቀደማት።

«ኩሬው! ዛሬስ ዓሣ አልወጣም?»

አባት ፊቱን እየታጠበ ነበር፤ ሳቁ አመለጠው። እናት ግን «ተይው አንቺ! ባለፈው ሲያተኩሰው አንዴ አምልጦት ነበር፤ ያው አገርሽቶበት ይሆናል። ያልፍለታል» አለች። አንሶላውን ከልጁ እጅ ወሰደችና ሳታየው የሳሙና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከረችው። አራቱንም ቀን ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሥራ ይጠብቃታላ።

«እኔ እኮ ከትናንት ምሳ ጀምሮ ውሃ አልጠጣሁም» አለ ማሙሽ።

ልብ ያለው የለም። እህቱ ብቻ ከላይ ሆና አየችው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ቤታቸው መኪና ነው። ረጅም መኪና ሆኖ ውስጡ ማብሰያ አለው፣ መታጠቢያ አለው፣ ከኋላም ሁለት ተደራራቢ አልጋዎች አሉት። እናት የተማሪዎችን የመታወቂያ ፎቶ ታነሳለች፤ አባት ይነዳል፣ ፎቶውን ያትማል፣ የተበላሸውን ሁሉ ይጠግናል። ልጆቹ ትምህርታቸው ሲዘጋ አብረው ይዞራሉ። አሁን የማካካሻ ትምህርት በሚሰጥበት አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከቆሙ አምስተኛ ቀናቸው ነው።

«ኩሬው» የሚለውን ስም ያወጣችው ታላቅ እህቱ ናት። እቤት ቢቀር ደግ ነበር። ከትናንት ወዲያ በእረፍት ሰዓት የግቢው ልጃገረዶች መኪናውን ሊያዩ መጡ። ሹሩባ የተሠራችው፣ ሌሎቹ ሁሉ ስትሄድ የሚከተሏት፣ አጠገቧ ተቀመጠችና «ወንድምሽ ምነው አይጫወትም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኩሬው? እሱማ ሲዋኝ እያደረ ደክሞት ነው!»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ባለ ሹሩባዋ በሳቅ ትከሻዋ ላይ ተደገፈች። እንግዲህ አስቡት፤ አሥራ አራት ዓመት፣ አዲስ ግቢ፣ አንድም የሚያውቃት የለ። ያ ትከሻዋ ላይ የተደገፈው ራስ ልቧን ሞቅ አደረገው። ከዚያን ቀን ወዲህ የመኪናው መስኮት በተከፈተ ቁጥር ከውጭ «ኩሬው!» የሚል ጩኸት ይመጣል። ማሙሽም ከመኪናው ወርዶ አያውቅም።

አባት ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ድንገት ቀጥ አለ።

«ማነው ውሃ የከፈተው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ፓምፑ ምን ያስለፈልፈዋል?»

ውሃቸው ከፊት ወንበር ሥር ካለው ታንከር ነው የሚመጣው፤ የሚገፋው ትንሽ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ድምፅ የሚያሰማው ቧንቧ ሲከፈት ብቻ ነው። አሁን ግን ሁሉም ተዘግቶ ሳለ «ጥርርር» ይልና ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጥርርር»።

አባት ቁርሱን ትቶ ተንበረከከ። ሶፍት እየቀደደ በየመጋጠሚያው ይጠቀልላል፤ ጠብቆ ያወጣና በጣቱ ይዳስሰዋል። የዕቃ ማጠቢያው ሥር ደረቅ። የታንከሩ አፍ ደረቅ። የመታጠቢያው ሥርም እንዲሁ።

«ውሃና ሌባ አንድ ናቸው» አለ ጉልበቱን እያራገፈ። «የገቡበትና የወጡበት አይገናኝም። የቀረን የኋላው ግድግዳ ነው፤ ቧንቧው በአልጋዎቹ ጀርባ ነው የሚያልፈው። ለምሳ ስመለስ እፈታዋለሁ።»

ላይኛው አልጋ ላይ ያለችው ልጅ ወደ ትራሷ ዘወር አለች።

መስታወቱ! የልብ ጓደኛዋ ትምህርት ሲዘጋ የሰጠቻት ክብ መስታወት። እዚህ ግቢ የደረሱ ዕለት የአባቷን ካቻቢቴ ሳትጠይቅ አንስታ፣ ትራሷ አጠገብ ብሎን ጠምዝዛ ሰቀለችው። አባቷ ስንት ጊዜ ተናግሯል፦ «የዚህ ቤት ግድግዳ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ደም ስር አለ። አንዲት ብሎን ስታስገቡ እኔን ጠይቁ።» አንዲት ብሎን ምን ታመጣለች ብላ ነበር። ስትጠመዝዘው መጀመሪያ ጠንክሮ፣ ኋላ ድንገት ላላ ማለቱ ትዝ አላት።

ሌላም ትዝ አላት፤ ይሄኛው ባሰ። ከትናንት ወዲያ ማለዳ እስክርቢቶዋ ታች አልጋ ላይ ወድቆ ስታነሳ እጇ እርጥቡን ነክቶት ነበር። ምንም አይሸትም። ቀዝቃዛ፣ ንጹህ ውሃ። «ምንድነው ነገሩ?» አለች በልቧ። ከዚያም እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተወችው። በዚያው ቀን ነው ልጆቹን ያሳቀቻቸው።

እናትና አባት ካሜራቸውን ይዘው ወደ ክፍሎቹ ሄዱ። እሷ ማስቲካ ማኘክ ጀመረች። ሐሳቧ ብሎኑን አውጥታ፣ ቀዳዳውን በማስቲካ ደፍና፣ መስታወቱን ሻንጣዋ ውስጥ መደበቅ ነው። ማን ያውቃል?

ብሎኑ እንደወጣ ውሃው እንደ ቀስት ተወርውሮ ፊቷን መታት። በመዳፏ ደፈነችው፤ በጣቶቿ መሀል ሾለከ። ማስቲካው እዚያው አፏ ውስጥ ተረሳ።

«ማሙሽ! ማሙሽ፣ ድረስልኝ!»

ማሙሽ ምን ሆነሽ አላለም። ወደ ፊት ሮጠ፣ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ የፓምፑን ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ተጫነው። ከአባቱ ጎን ስለማይጠፋ የቱ የምን እንደሆነ ያውቃል። ፓምፑ ጸጥ አለ። ውሃው ላላ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

ተመልሶ መጣና የታችኛውን አልጋ ፍራሽ አየ። በግድግዳው ውስጥ የወረደው ውሃ በጣውላው ስንጥቅ ብቅ እያለ ፍራሹ ላይ ጠብ ይላል። ልክ እዚያው ቦታ። ጣቱን ነክሮ አሸተተ፤ ልጅ ነውና ቀመሰውም።

«እታለም፣ ውሃ ነው።»

«አዎ።»

«እኔ አይደለሁማ?»

«አይደለህም።»

«ትናንትም?»

«ትናንትም። አንድ ቀንም አንተ አልነበርክም።»

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። ቢመታት በወደደች። እሱ ግን «እኔ አይደለሁም! እኔ አይደለሁም!» እያለ መኪናው እስኪወዛወዝ ዘለለ። ከዚያ ድንገት ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንግዲያ አሁን ውሃ መጠጣት እችላለሁ?» አላት።

ከጠርሙሱ ቀዳችለት። አንድ ኩባያ፣ ሁለት ኩባያ፣ ሦስት። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ማየት አቃታት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔ ስጫወት ነካሁት እንበለው» አለ አፉን በእጅጌው እየጠረገ። «አባዬ እኔን አይቆጣም። ትንሽ ነኛ።»

«እሺ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች። ማስቲካውን ከነቃሏ ዋጠችው።

ቀትር ላይ አባት ገና በሩን ሲከፍት ውሃ ያጥለቀለቀውን ወለል አየ። አፉን ሳይከፍት ብሎኑን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ለመስታወቱ። ሳልጠይቅህ። የማሙሽ አልጋ እርጥበት እንደማይሸትም... ከትናንት ወዲያ ነክቼው አውቄ ነበር። ዝም አልኩ።»

እናት ካሜራው አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እኔስ? አራት ቀን ሙሉ ሳጥብ አንዴ እንኳ አላሸተትኩትም።»

አባት ብሎኑን እያገላበጠ ቆየ። ከዚያ ማሙሽን አየው። «እኔም ስቄብሃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ሁለት ጊዜ» አለ ማሙሽ። ቆጥሮ ይዞት ነበር።

ቁጣ አልመጣም። «ነይ፣ ያዢ» ብቻ አላት። ጣውላውን አብረው ፈቱት። ነጩ የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ያለችው ቀዳዳ የስንዴ ፍሬ አታክልም። አባት የተበሳችውን ቁራጭ ቆርጦ አወጣ፣ መጋጠሚያ አስገባ፣ ሁለቱን የማጥበቂያ ቀለበቶች ለእሷ ተወላት። «ቀስ። ካላላሽው ያለቅሳል፤ ካከረርሽው ይሰነጠቃል።» ቀስ እያለች አጠበቀች፤ ሶፍትም ዙሪያውን ጠቀለለች።

«ሹፌር፣ አብራ!» አለ አባት።

ማሙሽ ቀዩን ተጫነ። ፓምፑ አጉረመረመና ዝም አለ። አራቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡ። አንድ ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ። አምስት። አባት ሶፍቱን ፈትቶ ሰጣት። ደረቅ ነው።

«አለቀ» አለ።

ማሙሽ ጫማውን አድርጎ ወደ በሩ ሮጠ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ቆመ። ማዶ የመማሪያ ክፍሎቹን አየ።

«እነሱ ግን አያውቁም» አለና ተመልሶ ገባ።

እህቱ የታችኛውን አልጋ ፍራሽ ጎትታ አወጣች። ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ቀሚሷን አራሰው።

«ወዴት ነው?» አለች እናት። «ከመኪናው ጀርባ አስጪው፤ እዚያ ማንም አያይም።»

«አይ፣ እማዬ። በፊት በኩል ይሁን።»

ፍራሹን ከክፍሎቹ ትይዩ አምጥታ መኪናው ላይ አስደገፈችው። ተመልሳ ብሎኑን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ማሙሽ በመጋረጃው ጥግ በአንድ ዓይኑ ያያታል። ፍራሹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋ ከአሁኑ ይግላል። ባለ ሹሩባዋ ቀድማ እንደምትደርስ ታውቃለች፤ ቧንቧውን ማን እንደበሳው መጀመሪያ የምትነግረውም ለእሷ ነው። ብሎኑን በመዳፏ ጨብጣ፣ የከሰዓቱን እረፍት ደወል መጠበቅ ጀመረች።