ስሜን ጻፊልኝ

ዳሲቱ ማርከሩን እንደያዘች ሰሌዳው ፊት ቆማለች። መምህር ፍቅሩ ሁለት አምፖሎች በትይዩ የተያያዙበት የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ስለዋል፤ አንዱ አምፖል ቢቃጠል ሌላው ለምን እንደሚበራ ማስረዳት አለባት። ኢሽራቅ ከፊት ወንበር ሆና ድምፅ ሳታሰማ መልሱን በከንፈሯ ብትነግራትም ዳሲቱ አላየቻትም። መሬት መሬቱን ነበር የምታየው።

«ይበቃል፣ ተቀመጪ» አሉ መምህሩ። «ቡድን ሦስት፣ ዜሮ።»

አቃቂ ባለው በዚህ የቴክኒክ ኮሌጅ የቡድን ሥራ ማለት አንድ ጎበዝ ይሠራል፣ የቀሩት «ስሜን ጻፊልኝ» ይላሉ ማለት ነበር። የቡድን ሦስት ጎበዝ ኢሽራቅ ናት። መምህር ፍቅሩ ዘንድሮ መጡና ነገሩን ገለበጡት። ዕጣ የወጣበት ተማሪ ያስረዳል፤ የእሱ ውጤት የሁሉም ውጤት ነው። የወደቀ ቡድን ተረዳድቶ አጥንቶ ድጋሚ ይፈተናል። ከድጋሚው የቀረ ግን ብቻውን ከኮሌጁ ይሰናበታል።

ዳሲቱ የምትሠራበት ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃዋ ስለደረሰ ቀድማ ወጣች። ድጋሚው ነገ እንደሆነ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ነገም ዕጣው እሷ ላይ ቢወጣ አለቀልን» አላት ኢሽራቅን የቡድኑ አባል ለሜሳ፣ ግቢው ውስጥ። «ደውዪላት። ነገ ክላስ የለም በያት።»

«እሷስ ትባረር?»

«ኧረ አትፎግሪን ኢሹ። እሷ እንደሆነ አይገባትም። ለምን አብረን እንስመጥ?»

ኢሽራቅ ደወለች።

«ክላስ የለም? ተመስገን» አለች ዳሲቱ። «ነገ እንኳን ትንሽ እተኛለሁ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ኢሽራቅ ስልኩን ስትዘጋ በራሷ አፈረች። ዳሲቱ ወደ ጨርቅ ፋብሪካው እየሮጠች «ስሜን ጻፊልኝ» ባለቻት ቁጥር ጽፋላታለች፤ ደግ የሆነች መስሏት ነበር። ገብቶሻል ወይ ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። እውነቱን ለመናገር፣ ብቻዋን መሥራቱ ይቀላት ነበር፤ ሁሉም እሷን መፈለጉም ደስ ይላት ነበር። ኮሌጁ ደግሞ ለዳሲቱ ከዚያ ማሽን የምትላቀቅበት ብቸኛ መንገድ ነው።

ወደ ሰፈሯ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄደው ታክሲ ረዳት ሲጠራ ሰማች፤ አልገባችም። በእግሯ ፋብሪካው በር ድረስ ሄዳ ዳሲቱን ጥሩልኝ አለች።

«ዘመድሽ ናት?» አሏት ጥበቃው።

«የክፍሌ ልጅ ናት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለእረፍት እስክትወጣ ጠብቂ።»

ዳሲቱ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ወጣች። ኢሽራቅን ስታይ ደነገጠች።

«ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?»

«ነገ ክላስ አለ። ድጋሚው ነገ ነው። እንድትቀሪ ብዬ ዋሽቼሽ ነው።»

ዳሲቱ ከፀጉሯ ላይ ጥጡን አራገፈች። «ለሜሳ ነው አይደል ደውዪ ያለሽ?»

«የደወልኩት እኔ ነኝ።»

«ብመጣስ?» አለች ዳሲቱ ፊቷን አዙራ። «እንደዛሬው ልገተር? ሁሉም ሲያየኝ ምን እንደሚሰማኝ ታውቂያለሽ?»

ኢሽራቅ አጥሩ ሥር ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች።

«ከየት ጀምሮ ነው ያልገባሽ?»

ዳሲቱ ወደ በሩ አየች። እረፍቱ እያለቀ ነው፤ ሌሎቹ ሴቶች መመለስ ጀምረዋል። ሆኖም ከኢሽራቅ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው» አለች።

ኢሽራቅ ወረቀቱን ወደ እሷ አስጠግታ አንድ ባትሪ ሳለች።