የደረቱና የሱሪው መሐረብ

«የደረት ኪሱ መሐረብ ለዓይን ነው፤ አይነካም። መጥረጊያው በሱሪህ ኪስ ይሆናል። ምኑ ነው የሚከብደው?» እያለች ልጅቷ የምትወደውን ሰው ስታስጠናው ሰንብታለች።

እሱ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ምድጃ ፊት ቆሞ ላቡን በክንዱ ሲጠርግ የኖረ ሰው። ሁልጊዜ «እሺ የኔ ቆንጆ» ይላታል። እሺ ብሎ ስለሚረሳ፣ እሺታው ነው አንጀቷን የሚያሳርራት።

አባቷ ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ያረጁ ናቸው። ከዚህ በፊት ለጋብቻ ሊጠይቃት የመጣውን ባለ መኪና ሰውዬ፣ በደረት ኪሱ የሐር መሐረብ ስለተናፈጠ ብቻ በዚያው ሸኝተውታል። ያኔ እሷ እሰይ ብላ ነበር። ዛሬ ግን የመጣው የምትወደው ሰው ነው፤ እሱንም እምቢ ካሉት ነገር አለቀ።

ጋጋሪው በወላጆቿ ቤት ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጠርዙን በእጇ የሰፋችው ነጭ ሐር ከኮቱ ደረት ብቅ ብሎ ያምራል። ላቡ ግን ከግንባሩ ይንቆረቆር ጀመር። በዓይኗ ወደ ሱሪው ጠቆመችው። እጁን ኪሱ ከተተ፤ ባዶ ነው። ረስቶት መጥቷል። ያን ሁሉ ድካሟን ውኃ በላው።

«ይህን ሰው ምን ባደርገው ይሻለኛል?» አለች በሆዷ። አባቷ ትክ ብለው ያዩታል። ላቡ አገጩ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ ክንዱን አላነሳም። ያናድዳልም፣ ያሳዝናልም።

«እንግዲህ ልጄን ልትወስድብኝ ነው» አሉ እናቷ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ጋጋሪው ብድግ ብሎ ሐሩን ከደረቱ መዘዘና በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ይጥረጉበት፣ እማማ።»

እናቷ እስኪበቃቸው ጠረጉበት። ልጅቷ «አበቃልኝ» ብላ አቀረቀረች።

አባቷ ከሱሪ ኪሳቸው የተተኮሰ መሐረብ አውጥተው ዘረጉለት።

«ላብህን ጥረግ።»

«ኧረ ይቆሽሽብዎታል፣ አባባ።»

«ለዚያ አይደል የተሰፋው? የደረቱም ቢሆን ለሰው እንባ ይነካል። ይህን አላስተማረችህም?» አሉና ልጃቸውን ገልመጥ አደረጓት። «የተዋስከውን ግን አጥበህ፣ ተኩሰህ፣ ራስህ ይዘህ ትመጣለህ። በሰው አይላክም።»

«እሺ» አለ ጋጋሪው።

ያው ሲያሳርራት የሰነበተው እሺታ ነው። ዛሬ ግን ደግሞ እንዲለው ወደደች።